ታሪኩ ከየት ይጀምራል?

የወጣቶች ኅብረት ውስጥ ያደገ ሁሉ የምስክርነት ምሽትን ያውቃል። ዝማሬው ሲያበቃ መሪው ማይኩን ይዞ «ጌታ ያደረገላችሁ ነገር ካለ» ይላል፤ ትንሽ ጸጥታ ይሆናል፤ ከዚያ አንዱ ይነሣል። ጅግጅጋ ላደግን ልጆች ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚነሣ አንድ ምስክርነት አለ። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ። ሱቆችና ባንኮች የተዘረፉበት፣ የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት የተቃጠሉበት፣ ካህናትና ምእመናን የሞቱበት፣ «ከመሀል አገር የመጣ» የተባለ ሁሉ በየጓዳው የተሸሸገበት ቀን ነው። ያኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ስለዚያ ቀን በኅብረታችን ፊት ብዙ ጊዜ መስክሬያለሁ።

አምና ከኅብረቱ ልጆች አንዱ ምስክርነቴን በስልኩ ቀድቶ ላከልኝ። ሰው የራሱን ድምፅ ሲሰማ ያፍራል፤ እኔም ያፈርኩት በድምፄ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ስሰማው ግን ሌላ ነገር ጆሮዬ ገባ። ጢሱ አለ፣ የጩኸቱ ድምፅ አለ፣ እናቴ ታናሽ ወንድሜን በነጠላዋ አዝላ የሮጠችው አለ። ከዚያ «ጌታ ሸሸገን» እላለሁ፤ ጉባኤው «አሜን» ይላል። የት ሸሸጋችሁ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም። የተሸሸግነው በጎረቤታችን ዕቃ ቤት ነው። ጎረቤታችን ሶማሌ ናቸው፤ ከቶጎ ውጫሌ ልብስ እያመጡ የሚነግዱ ሴት። እኛ ልጆቹ ኤዶ እንላቸዋለን፤ በሶማሊኛ አክስት እንደ ማለት ነው። መጀመሪያ አካባቢ ስመሰክር «ኤዶ አስገቡን» እል እንደነበር አስታውሳለሁ። በኋላ «አንዲት ጎረቤት» ሆኑ። ቀጥሎ «አንድ ቤት»። በቅጂው ላይ ጭራሽ የሉም። አንዲት የሐሰት ቃል ሳልናገር ሴትዮዋን ከገዛ ቤታቸው አውጥቻቸዋለሁ።

ስለ ትረካ ንድፈ ሐሳብ ጻፊ ስባል ይህንን ነው ያሰብኩት። ስሙ ከበድ ይላል፤ ነገሩ ግን ሁላችሁም በየዕለቱ የምታደርጉት ነው። የዘሪሁን አስፋውን «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን» በትምህርት ቤት ያገኛችሁ ሴራ፣ መቼት፣ አንጻር የሚሉትን ቃላት ታውቋቸዋላችሁ። ፈረንሳዊው ዤራር ዠኔት በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ነገሩን ይበልጥ ፈልቅቆ አሳየ። የሆነው ነገር አንድ ነው፤ የተነገረበት መንገድ ሌላ ነው። ተራኪ ከየት እንደሚጀምር ይመርጣል። ለየትኛው ሰዓት ብዙ ገጽ እንደሚሰጥ፣ የትኞቹን ዓመታት በአንድ ዐረፍተ ነገር እንደሚያልፍ ይመርጣል። በማን ዓይን እንደሚያይም ይመርጣል። እኔ በቅጂዬ ላይ ለአንድ ቅዳሜ ረፋድ ሰባት ደቂቃ ሰጥቼ፣ ከዚያ በፊት ለነበሩት ዓመታት አንዲት ቃል አልሰጠሁም። ሩሲያዊው ቭላዲሚር ፕሮፕ ደግሞ በ1928 እ.ኤ.አ. መቶ ያህል የአገሩን ተረቶች አጥንቶ፣ ሰዎቹ ቢለያዩም በተረቱ ውስጥ የሚሠሩት ሥራ እንደሚደጋገም አሳይቷል፤ 31 ዓይነት ሥራ ቆጠረ። ጀግናውን የሚያሻግር ረዳት ከነዚያ ሥራዎች በአንዱ ይገባል። ችግሩ ረዳት ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ተረቱ አይፈልገውም። ኤዶ የወደቁበት ጉድጓድ ይህ ነው።

አውሮፓን እንተውና ወደ ከተማችን እንምጣ። በአውሮፕላን የመጣችሁ ያረፋችሁት በገራድ ዊልዋል አየር ማረፊያ ነው። ዊልዋል በ19ኛው መቶ ዘመን በጅግጅጋ ዙሪያ የነበረ የሶማሌ ገራድ ነው፤ ስለ ብልሃቱና ስለ ፈተናዎቹ የሚተረቱት ተረቶች ብዙ ናቸው። በጣም የሚታወቀው የበጉ ተረት ነው። ገራዱ ወንዶቹን ሁሉ ሰብስቦ በግ እንዲያርዱና ሰውን የሚያፋቅረውንም የሚያጣላውንም የአካል ክፍል እንዲያመጡለት ያዛል። ሀብታሞቹ የሰባውን ሥጋ፣ ጉበቱን፣ ጎድኑን ተሸክመው ይሄዳሉ። አንድ ድሃ ግን የሚያደርገው ይጠፋዋል። ልጁ ጉሮሮውን ውሰድ ትለዋለች። እያፈረ ይወስዳል፤ መልሱም እሱ ሆኖ ይገኛል። ጉሮሮ ሲስገበገብ ያጣላል፣ ሲያካፍል ያዋድዳል። ገራዱ ይህን ማን ነገረህ ብሎ ይጠይቃል፤ አባትየው ልጄ ናት ይላል።

አሁን ሁለት ነገር አስተውሉ። ተረቱ የሚጠራው በገራዱ ስም ነው፤ አየር ማረፊያውም እንዲሁ። ጥበቡ ግን የልጅቷ ነው፤ ለነገሩኝ ሰዎችም ልጅቷ ስም የላትም። መጨረሻውም እንደ ተራኪው ይለያያል። ለእኔ መጀመሪያ የነገሩኝ አዛውንት ገራዱ ልጅቷን አገባት ብለው ጨረሱት። ለልጆች በመጽሐፍ የቀረበ ያነበብኩት ደግሞ አንድ ቀን መሪ ትሆናለች በሚል ተስፋ ያበቃል። በጉ አንድ፣ ጉሮሮው አንድ፤ አንዱ ልጅቷን ሚስት አድርጎ ይሸልማታል፣ ሌላው መሪ አድርጎ። አንድ ሕዝብ ስለ ሴት ልጅ የሚያስበው ሲለወጥ መጀመሪያ የሚለወጠው የተረቱ መጨረሻ ነው ብዬ እገምታለሁ። ባህል በተረት ውስጥ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ማንም ዐዋጅ ሳያወጣ።

አሁን ወደሚያቃጥለው እንለፍ። ከሐረር ስትመጡ ጅግጅጋ ከመግባታችሁ በፊት የምታቋርጡት ተራራ ካራማራ ነው። ከተማ ውስጥ ሆስፒታልም በስሙ ይጠራል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ካራማራ ሲባል ድል ይሰማዋል። ታሪኩ ሲተረክ የሚጀምረው በ1969 ክረምት የሶማሊያ ጦር ድንበር ሲሻገር ነው፤ በ1970 መባቻ ጅግጅጋ ትወድቃለች፤ ሠራዊትና ሚሊሺያ ከየአውራጃው ይተማል፤ ኩባውያን ይደርሳሉ፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ከተማዋ ትመለሳለች። አለቀ። በቸርችል ጎዳና ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለው የትግላችን ሐውልት ይህንን ታሪክ በድንጋይ ያቆመ ነው። ታሪኩ እውነት ነው፤ የሞቱት ሰዎች እውነተኛ ሰዎች ናቸው፤ ከእናንተም መካከል አያቱ እዚያ የቀረ አይጠፋም።

ያው ጦርነት ሐርሺን ወይም ቀብሪበያህ ላይ ከሚኖር አዛውንት አፍ ሲሰማ ግን መነሻው ይቀየራል። አንዱ እንግሊዞች በ1954 እ.ኤ.አ. በተፈረመ ውል የሐውድን የግጦሽ መሬት ሲያስረክቡ ይጀምራል። ሌላው ከዚያም ርቆ ወደ ምኒልክ ዘመን ይሄዳል። መጨረሻውም የካቲት 26 አይደለም። በእኛ ትረካ ታሪኩ ባለቀበት ሳምንት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ሶማሊያ ስደት ጀምረዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1988 እ.ኤ.አ.፣ የሶማሊያ መንግሥት ሐርጌሳን በአውሮፕላን ሲደበድብ ሕዝብ ወደዚህ ጎረፈ፤ ከጅግጅጋ ወደ ምሥራቅ የምትገኘው ሐርተሼክ በዓለም ካሉ ትልልቅ የስደተኛ ሰፈሮች አንዷ ሆነች። ሰፈሩ እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ድረስ ነበር። በ1970 ወደዚያ የሸሹ ቤተሰቦች በ1980 ወደዚህ ሸሽተው የተመለሱበት ታሪክ ነው። ይህንን «ድል» ወይም «ሽንፈት» በሚሉ ሁለት ቃላት ልትጨርሱት አትችሉም፤ የት ላይ እንደምታቆሙትም አስቸጋሪ ነው።

በዚህ አገር ላይ የተጻፈ፣ ይህንኑ ችግር እስከ ጥጉ የሄደበት ልብ ወለድ አለ። ኑሩዲን ፋራሕ በ1945 እ.ኤ.አ. በባይደዋ ተወልዶ በኦጋዴን ቀላፎ ያደገ ሶማሌ ደራሲ ነው፤ በልጅነቱ አማርኛም ተምሯል። «ካርታዎች» የሚል ትርጉም ያለውን መጽሐፉን በ1986 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ አሳተመ። ታሪኩ የአስካር ነው። አባቱ ልጁ ሳይወለድ ለሶማሌ ነፃ አውጪ ሲታገል ሞቷል፤ እናቱም እሱን ወልዳ ትሞታለች። ሕፃኑን አግኝታ የምታሳድገው ከደጋ የመጣች፣ የኦሮሞና የአማራ ደም ያላት ምስራ የምትባል ሴት ናት። ስሟ በመጽሐፉ ውስጥ እየተለዋወጠ ይጠራል፤ የአማርኛ ጆሮ ያለው ግን «መሠረት» የሚለውን ከሥሩ ይሰማል። ልጁ ከሰውነቷ ሳይለይ፣ ትንፋሿን እየተነፈሰ ያድጋል። ከዚያ ጦርነቱ ይመጣል። አስካር ወደ ሞቃዲሾ ይሄዳል፣ ግድግዳው ላይ ካርታ ይሰቅላል፣ ታጋይ መሆን ያምረዋል። ምስራ ደግሞ ለኢትዮጵያ ጦር ጠቁማ ብዙ ሰው አስገድላለች ተብላ ትከሰሳለች። ሞቃዲሾ ድረስ ተሰዳ ትመጣለች፤ ታፍና ትወሰዳለች፤ ሬሳዋ ከባሕር ይወጣል። መክዳት አለመክዳቷን መጽሐፉ አይነግረንም።

አተራረኩ ነው የሚገርመው። አንዱ ምዕራፍ አስካርን «አንተ» ይለዋል፣ ቀጣዩ «እኔ» ይላል፣ ሦስተኛው «እሱ»። በመጀመሪያ ንባብ ደራሲው የተዛባበት ሁሉ ሊመስላችሁ ይችላል። መጨረሻው ላይ ግን ፖሊስ ስለ ምስራ ሞት አስካርን ሲጠይቀው እንረዳለን፤ ያነበብነው ሁሉ ያ ወጣት ስለ ራሱ የተናገረው ነው። ከሳሹም ተከሳሹም ምስክሩም እሱ ራሱ ነው። ያሳደገችህ ሴት የጠላት ወገን ናት ስትባል «እኔ» ብለህ መናገር ያቅትሃል፤ አንዳንዱን ነገር «እሱ አደረገው» ማለት ይቀላል። ይህን ያነበብኩት የራሴን ቅጂ ከሰማሁ በኋላ ነው፤ ስለዚህ እንደ ፈተና ነው ያነበብኩት።

መጽሐፉን ግን ሳልነቅፍ አላልፍም። ሕልሞቹ ይበዛሉ፤ በየገጹ ደም፣ ውኃ፣ መስታወት ይመላለሳሉ፤ አንዳንዱ ምዕራፍ ሐሳቡን ጨርሶ እንኳ አይቆምም። ከዚህ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። በሦስቱም ሰዋሰዋዊ መደቦች የሚተረከው አስካር ነው። ምስራ ትወደዳለች፣ ትከሰሳለች፣ ይለቀስላታል፤ አንድ ምዕራፍ እንኳ «እኔ» ብላ አትናገርም። የምናውቃት ልጁ በሚያስታውሳት መጠን ብቻ ነው። ኑሩዲን ይህን አውቆ ነው ያደረገው፤ አንባቢ ጉድለቱን እንዲያየው ፈልጓል የሚሉ ይኖራሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን መጽሐፉን ዘግቼ ስነሣ የፈለግሁት እሷን ነበር።

ስለ ፖለቲካው ብዙ አልልም፤ ራዲዮ የከፈተ ሁሉ «ትርክት» የሚለውን ቃል ከጠዋት እስከ ማታ ይሰማል። የምታዘበው አንድ ነገር አለ። ቃሉን ሰው ለራሱ አይጠቀምበትም። የእኔ ታሪክ ነው፣ የእሱ ትርክት ነው። ቃሉ ሐሰት የሚለውን በጨዋ አነጋገር መተኪያ ሆኗል። ዠኔትም ሆነ ዘሪሁን ይህን አላስተማሩም፤ የሚተርክ ሁሉ ይመርጣል ነው ያሉት፤ የራሱን እውነት የሚናገረውም ጭምር።

እዚህ ላይ ከኅብረቱ ልጆች የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ ሁሉም ትረካ ከሆነ እውነት የት አለ? ከ2ኛው መቶ ዘመን አንድ ምሳሌ ላንሣ። ታትያን የሚባል ሶርያዊ አራቱን ወንጌሎች ቆራርጦ እንደ አንድ ተከታታይ ታሪክ ሰፋቸው። ሥራው «ዲያቴሳሮን» ይባላል፤ ለማንበብ ቀላል፣ ቅራኔም የሌለበት ነበር፤ የሶርያ አብያተ ክርስቲያናትም ለረጅም ዘመን ተጠቅመውበታል። በመጨረሻ ግን የቆዩት አራቱ ናቸው። በትንሣኤው ማለዳ ወደ መቃብሩ የሄዱት ሴቶች በአራቱ ዘንድ በአንድ ዓይነት አይቆጠሩም፤ ያዩትም በአንድ ዓይነት አልተነገረም። ቤተ ክርስቲያን ይህን እያወቀች አራቱን አኖረች። አራት ምስክር መኖሩ መቃብሩን ባዶ ከመሆን አልከለከለውም። በ2010 የሞተም ሰው ታሪኩን ማንም ከየትም ቢጀምረው ሞቷል፤ የተቃጠለውም ተቃጥሏል። የትረካ ትምህርት ይህን አይሰርዝም። ከጎኑ ሌላ ምን ነበረ ብሎ ይጠይቃል እንጂ።

ለምሳሌ ከዚያ ቅዳሜ ልክ አንድ ወር ቀደም ብሎ ሂዩማን ራይትስ ዎች በከተማችን ስላለው ጄል ኦጋዴን ስለሚባለው እስር ቤት ዘገባ አውጥቶ ነበር። ለዓመታት ሰዎች ያለ ፍርድ የታሰሩበት፣ የተገረፉበት፣ የተደፈሩበት ቦታ ነበር፤ እስረኞቹ በብዛት ሶማሌዎች ናቸው። አሁን ተዘግቷል። እኛ በዚያው ከተማ እየዘመርን ነው ያደግነው። በየትኛውም ምስክርነታችን ውስጥ አልገባም፤ የእኛ ታሪክ ከቅዳሜ ስለሚጀምር።

ነቢዩ ናታን ዳዊት ፊት የቆመበትን ታሪክ ታስታውሳላችሁ። ስለ ሀብታሙና ስለ ድሃው በግ ሲተርክለት ታሪኩ በ«እሱ» ነው የሚሄደው፤ ንጉሡም በጥሩ ዳኝነት ይፈርዳል። ናታን ከዚያ መደቡን ይለውጣል፤ ያ ሰው አንተ ነህ ይለዋል። ሥራው ሁሉ ያለው በዚያ ለውጥ ላይ ነው። በሶማሌ ቅኔ ዘንድም የሚመሳሰል ነገር አለ። ገጣሚዎች በሰንሰለት ሲመላለሱ፣ የሚመልሰው ሰው ተቃዋሚው የጀመረበትን ፊደል ይዞ፣ በየስንኙ ያንኑ ድምፅ እየደገመ መግጠም አለበት። በ1979 እ.ኤ.አ. ጋሪዬ የጀመረው፣ ሀድራዊም የገባበት «ዴሌይ» የተባለው ሰንሰለት በ«ደ» ድምፅ የተያዘ ነበር፤ በብዙ ደርዘን የሚቆጠሩ ግጥሞች ገቡበት። ተናድደህም ቢሆን የሌላውን ፊደል ሳትሰማ መልስ የለም። በእኛ የምስክርነት ምሽት እንዲህ ያለ ደንብ ቢኖር ስንቶቻችን ማይኩን እንይዝ ነበር?

ቅጂውን በሰማሁ በሦስተኛው ሳምንት ኤዶ ቤት ሄድኩ። የግመል ወተት ያለበት ሻይ ቀዱልኝ። ያን ቀን እንዴት ነበር፣ እርስዎ ይንገሩኝ አልኳቸው። «አባዮ፣ አንቺ ታውቂው የለ እንዴ?» አሉና ሳቁ። ከዚያ ጀመሩ። የጀመሩት ከቅዳሜ አልነበረም። ወንድማቸው ከተያዘበት ሌሊት፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ሰዎቹ ሲመጡበት በጓሮ ዘልሎ ወጥቶ በየግቢው በር እያንኳኳ ሮጠ። አምስት በር አንኳኳ። የከፈተ አልነበረም። «የእናንተም ነበር» አሉ፤ ስኳሩን ወደ እኔ እያስጠጉ። ከዚያ በኋላ ወንድማቸውን አላዩትም።

ቅዳሜው ላይ ሲደርሱ ቶሎ አለፉት። ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ነው። በራችሁ ሲንኳኳ ሰማሁ፣ እናትሽን ጠራኋት፣ ቆለፍኩባችሁ። እኔ በታሪካቸው ውስጥ ያለሁት በልብሱ ቦንዳ አቧራ እየሳልኩ ያስጨነቅኋቸው ልጅ ሆኜ ነው። ሰው በደጅ ባለፈ ቁጥር ራዲዮውን ከፍ ያደርጉ ነበር። ይህን አላውቅም ነበር፤ ራዲዮው ለምን እንደሚጮኽ ገርሞኝ እንደነበር ብቻ ትዝ ይለኛል።

ቤት ስመለስ እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። ስለዚያ ሌሊት ጠየቅኋት። እጇ ትንሽ ቆመና ቀጠለ። «ዝናብ ነበር ያን ሌሊት» አለች።